የሙሴ ቫሃን ጣቶች

መምህራችን ባለፈው ሳምንት «በየቤታችሁ ሥራውን የጨረሰ ትልቅ ሰው ፈልጉና ጠይቃችሁ፣ የሥራ ዘመኑን ትዝታ ጻፉልኝ» አሉን። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አያቷ በቅሎ ጭነው ጅማ ድረስ ሲነግዱ የኖሩትን ጻፈች። ከኋላዬ ያለው ደግሞ አባቱ ግንበኛ እንደነበሩ ጻፈ። እኔ ቤት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እናቴ እስከ ዛሬ የሰው ልብስ ታጥባለች። ታላቅ ወንድሜ ሥራውን ሊጨርስ ቀርቶ ገና አልጀመረም፤ እንደማየው ከሆነ የቸኮለም አይመስልም። ከቤታችን ሥራ ይዞ፣ ሠርቶበት፣ ሥራው ያለቀበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ስለዚህ ራሴን ጠይቄ ራሴ ጻፍኩ። መምህሩ ከተቆጡ ይቆጡ፤ መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ እጄን የሚያስቆመው አልተገኘም።

ሥራዬ ፒያኖ መምታት ነበር። ጣሊያን በነበረበት ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ሙሴ ቫሃን ቤት። ሙሴ ቫሃን አርመን ናቸው፤ ሥራቸው አዲስ ዜማ መድረስ ነው። አሁን ድሬዳዋ ዘመዳቸው ጋ ሄደዋል። ፒያኖዋ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ። አንዳንድ ቀን በገበያው ሳልፍ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ከሰማሁ ቆም እላለሁ። ያ ድምፅ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ግን ሄጄ፣ ተጭኜ፣ «አዎ፣ ይኼው ነው» የምልበት ቤት የለኝም።

መጀመሪያ ሙሴ ወደ ሰፈራችን እንዴት እንደገቡ ልንገራችሁ። ጣሊያን ሳይመጣ ከተማ ውስጥ ወጣቶችን ጥሩንባ ያስተምሩ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ያ ሁሉ ሲበተን፣ ኪራይ የሚረክስበትን ፈልገው ከገበያው በላይ ባሕር ዛፉ ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ያዙ። ፒያኖዋን ሸካሞች በጨርቅ ሸፍነው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ያየ ሁሉ ሬሳ መሰለው። ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ጠላ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸው ከቤታቸው እስከ ገበያው ይሰማል። «ምስኪን ፈረንጅ፣ ሬሳውን ይዞ ነው የገባው» አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እናቴም አዘቀዘቀች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሙሴ ቫሃን ከኋላ እየተከተሉ፣ ሰው ለምን እንዳዘነላቸው ሳይገባቸው፣ ባርኔጣቸውን እያነሱ ለሁሉም እጅ ነሱ። ማታ ከቤታቸው ዘፈን የሚመስል ነገር ሲሰማ ነው እማማ ጥሩወርቅ «አይ፣ ሬሳ እንኳ አይደለም» ያሉት።

እናቴ የሙሴን ልብስ ማጠብ ጀመረች። አድራሿ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የታጠበ ሸሚዝ ይዤ ስገባ ከወንበራቸው ተነሡና «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ።

የሰረቅሁ መስሏቸው ነው ብዬ ሁለቱንም ዘረጋሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አደረጉ። አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን አለያይተው ስፋቱን ለኩ።

«አንቺም ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«አዎ፣ ሙሴ።»

«ይታያል። ጠንካራ ነው። የእኔን ተመልከቺ።»

የእሳቸው ጣቶች በቁርጥማት ተጣመው ዝንጅብል መስለዋል። ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ የሚውሉት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። «በጭንቅላቴ የምሰማውን እጽፈዋለሁ፤ እርሳስ መያዝ አላቃተኝም። መምታት ግን አልችልም። ያልተመታ ነገር ልክ ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ? ጣት ያስፈልገኛል» አሉ።

ሥራ የያዝኩት እንዲህ ነው። ደመወዜ ሳሙናና ጨው፣ አልፎ አልፎም ሊሬ ነበር። የምትቀበለው እናቴ ስለሆነች ስለሱ ብዙ አላውቅም።

ሥራ ያዝኩ አልኩ እንጂ ፒያኖ ነካሁ አላልኩም። ያን ክረምት በሙሉ የሠራሁት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙሴ በከሰል ነጩንና ጥቁሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሣሉልኝ፤ እኔ እንጨቱን እየመታሁ ጣቴን አስተምራለሁ። ድምፅ የለ፣ ምን የለ። ፒያኖዋ ክዳኗን ዘግታ ከጎኔ ቆማለች። አንድ ቀን ተናድጄ አለቀስኩ።

«መቼ ነው እሷን የምመታው?»

«ጣትሽ በዝምታ ካወቀው በድምፅ አይደነግጥም። በድምፅ የጀመረ ሰው ግን ድምፁን ሲሰማ በደስታ ይሰክርና ጣቱን ይረሳል። ከላይ ጀምሪ።»

«ከላይ ጀምሪ» የሙሴ ቃል ናት። ብሳሳትም ከላይ፣ ብደክምም ከላይ። እንጨት ስደበድብ በመስኮት ያየ ሁሉ ወሬ አደረገው። እንጨት ቆራጩ አያ ቶሎሳ እናቴን መንገድ ላይ አስቁመው «እታገኝ፣ ያቺን ልጅ ጠበል ብትወስጃት ምን ይመስልሻል? ጠረጴዛ ምን አደረጋት?» አሏት። የሰፈሩ ልጆችም «ብርቄ ጠረጴዛ መቺ» የሚል ስም አወጡልኝ። እኔ ብርቅነሽ ነኝ፤ ሙሴ ግን «ቅ»ዋ አልወጣላቸው እያለች «ብርኬ» ይሉኛል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር።

ኖታ ማንበብ የቻልኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ሰው ሲሰማ አያምንም። ኖታ አምስት መስመር ነው፤ ለእኔ ግን አምስት የልብስ ገመድ ነበር። ከላይኛው ገመድ የተሰጣው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ከታችኛው የተሰጣው ወፍራም። ጥቁሩና ጭራ ያለው ስስ ጨርቅ ነው፣ ቶሎ ይነሳል። ባዶው ነጩ ደግሞ ጋቢ ነው፣ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ይህን ለሙሴ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሳሳት እሳቸውም «ይኼንን ከየትኛው ገመድ ላይ አነሣሽው?» ይሉኝ ጀመር።

እናቴን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ልብስ ስንጨምቅ፣ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን፣ ዓይኔን ሳታይ ተናገረች።

«አዝማሪ ልትሆኚ ነው?»

«አዝማሪ እኮ ይዘፍናል፣ እማዬ። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«ሰው አፍሽን አይደለም የሚያየው። ሲጨበጨብልሽ ነው የሚያየው። የተጨበጨበላትን ልጅ ማን ያገባታል?»

«ሙሴ ቤት የሚያጨበጭብ የለም። ሙሴና ግድግዳው ናቸው ያሉት።»

«እንግዲያው ለግድግዳው ምቺ» አለችና ጋቢውን አጥብቃ ጠመዘዘችው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ክዳኑ ተከፈተልኝ። ያን ቀን መጻፍ ብችል ኖሮ ይህ ጽሑፍ እጥፍ በሆነ ነበር። የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስጫን ድምፁ በጣቴ ሽቅብ ወጥቶ ክርኔ ላይ የደረሰ መሰለኝ። ጣቴ ሁሉንም ያውቀዋል፤ ጆሮዬ ግን ምንም አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ዓይኔን ታስሬ ያደግሁበትን ቤት ገልጠው ያሳዩኝ ያህል ነበር።

የሰው ዜማ መማርና አዲስ ዜማ መማር አንድ አይደለም። ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ብትስት የሚሰማው ያቀናሃል። አዲሱን ግን ከደረሰው ሰው በቀር በዓለም ላይ የሰማው የለም፤ የደረሰውም ሰው ገና አልወሰነም። ሰኞ የተማርኩትን ማክሰኞ ሙሴ በላጲስ አጥፍተውት አገኘዋለሁ። «ትናንት ጥሩ ነበር እኮ» ስላቸው «ለዚህ ነው ያጠፋሁት፤ ጥሩ ብቻ ነበር» ይላሉ። ጣቴን ማስተማሩ አይደለም የከበደኝ፤ ያስተማርኩትን ማስረሳቱ ነው። ጣት ግትር ነው። የተሰረዘውን መንገድ እየፈለገ ይሄዳል።

ደግሞ ፒያኖዋ አንድ ድዳ ቁልፍ ነበራት፤ ከመሐል በስተግራ፣ ሲጫኗት ጠቅ የምትል እንጂ የማትናገር። የሚያድሳት ሰው በከተማው ጠፋ። ሙሴ ዜማውን የደረሱት እሷን እየዘለሉ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ አትነካም። «ሌላ ፒያኖ ላይ የሚመታው ሰው ይህቺን ቁልፍ ለምን እንደፈራኋት ሲመራመር ይኖራል» ይሉ ነበር። በክረምት ሌሎቹም ቁልፎች በእርጥበት ይጣበቃሉ፤ ያኔ ምድጃ ከሥሯ አስጠግቼ አሞቃታለሁ፣ እንደ ታመመ ሰው።

ስለ ሙሴ አደማመጥ ካልጻፍኩ ስለሳቸው ምንም አልጻፍኩም። ስመታ አያዩኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን ይመለከታሉ፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ። ስሳሳት አይናገሩም፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሳስተካክል መልሰው ያደርጉታል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ራሰ በራቸውን ሳይ ነው የዋልኩት።

የዜማው ነገር እንዲህ ነው። ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያው ወደ ድግስ ቤት እንግዳ ሲመጣ ነው፤ በኮልፌ መንገድ፣ በእግርም በአህያም፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ። ግራ እጄ አህያው ነው፣ አይቸኩልም። ሁለተኛው ድግሱ ራሱ ነው። ይህን ሙሴ የደረሱት እማማ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ሲድሩ በአጥር በኩል የሰሙትን ጭብጨባ ይዘው ነው፤ ሁለት እጄ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ይመታል። ሦስተኛውን ግን ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። አላሰሙኝምም። እሱን የተማርኩት ጠረጴዛው ላይ ብቻ ነው።

«እሱንም በፒያኖ ልሞክረው» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው።

«መጨረሻ ተደጋግሞ ከተመታ መጨረሻነቱ ያልቃል። ሰው ተቀምጦ እየሰማ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ትመቺዋለሽ። ያን ቀን አንቺም ትሰሚዋለሽ፣ እኔም እሰማዋለሁ።»

ስለዚህ እኔ የማውቀው ጣቶቼ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ነው። ቀኝ እጄ ጥቂት ቁልፍ ይነካል፣ እየተራራቀ። ግራው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ፣ ድምፁ ራሱ እስኪሞት ጣቴን ሳላነሣ እቆያለሁ። ሙሴም ያንን በጆሯቸው ሰምተውት አያውቁም። ያላቸው ምኞት እሱ ብቻ ነበር፤ ዜማው ተጀምሮ እስኪያልቅ፣ በሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ መሰማት። «ሰው ያልሰማው ዜማ አልተሠራም» ይሉ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን አንድ ወታደር ወረቀት ይዞ መጣ። ከተማ ያለው የመኮንኖች መዝናኛ ፒያኖ ይፈልጋል። ሰኞ ካሚዮን ይመጣል ተባለ። ሙሴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና «እሁድ እንመታዋለን» አሉኝ።

እሁድ ሰው መሰብሰብ ግን እንደዛሬው አልነበረም። ያለ ፈቃድ አንድ ቤት ብዙ ሰው ከተገኘ ይጠየቃል። መላውን ያመጡት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። «ክርስትና ነው እንበላ» አሉ። ክርስትና ያለ ሕፃን አይሆንም፤ የአያ ቶሎሳ ሚስት ትንሹን ልጃቸውን አዋሰችን። ክርስትና ከተነሣ የቆየ፣ ጥርስ ያበቀለ ልጅ ነው። ነጭ በነጭ አልብሰው ከፒያኖዋ አጠገብ አስቀመጡት። «ባይሆን አፉን እንዳይከፍት ተቆጣጠሩት» አሉ አያ ቶሎሳ። ጠላ መጣ፣ ቆሎ መጣ። እናቴ ሥራ አለብኝ ስትል ቆይታ መጨረሻ ላይ ገብታ በር ሥር ቆመች።

ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው የት እንደሚመለከት አያውቅም፤ አንዱ ቆሎውን ሊያኝክ ፈርቶ በአፉ ይዞታል። ግን ጸጥ ብለው ሰሙኝ። አህያዬ ሳይቸኩል ደረሰ። ሙሴ ግድግዳቸውን እያዩ ናቸው፣ ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነው። ሁለተኛውን እንደጀመርኩ አያ ቶሎሳ ከበሩ «ወታደሮች መጡ። ክርስትና ነው እኮ፣ ምን ዝም ትላላችሁ፣ አጨብጭቡ እንጂ» አሉ።

አጨበጨቡ። ያ ክፍል ድሮም ከጭብጨባ የተወለደ ነው፤ እጃቸውና እጄ ገጠመ። ወታደሮቹ አንገታቸውን አስገብተው ሕፃኑን አዩ፣ ጠላ ቀመሱ፣ ሳቁ፣ ሄዱ። ጭብጨባው ግን አልሄደም። እማማ ጥሩወርቅ በላዩ ላይ ግጥም አወጡ። ሌላው ተቀበላቸው። የሁለተኛው ክፍል ገጽ አለቀ፤ ቀጥሎ ሦስተኛው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ የሆነውን የኮልፌ ሰው ያልሆነ አይረዳኝም። እኛ ሰፈር ሰው እያጨበጨበ ጨዋታ አይቆረጥም። እጁ አየር ላይ ያለ ሰው ፊት ማሲንቆውን ያስቀመጠ አዝማሪ ሁለተኛ በዚያ ሰፈር አይጠራም፤ ስድብ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁት ነው። ወረቀቱ «ወደ ሦስተኛው እለፊ» ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ «ገና ነን» ይላል። ሙሴን አየሁ፤ ጀርባቸው ነው ያለው። አንዴ ልድገም ብዬ ወደ ሁለተኛው ክፍል ራስ ተመለስኩ። ከዚያ ደግሞ አንዴ። ከዚያ በኋላ ወደ ሙሴም መመልከት ተውኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጆሮዬ ይግላል፣ ጣቴ የእኔ አይደለም፣ በር ሥር የቆመችው እናቴ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁት። የተጨበጨበላትን ልጅ ማን ያገባታል ያለችው እናቴ እያጨበጨበችልኝ ነበር።

አያ ቶሎሳ «መሽቷል» ሲሉ መስኮቱ ጠቁሯል። ከመሸ መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ነው። ቤቱ ባንድ ጊዜ ተራወጠ፤ ሕፃኑን ያነሣ፣ ጋኑን የያዘ። አፍታ ሳይቆይ ባዶ ሆነ። እጄን ወደ ሦስተኛው ክፍል ዘረጋሁ፣ እናቴ ግን ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። ያኔ ሙሴ ከግድግዳው ዞሩ። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። መቼ እንዳወለቁት አላየሁም።

«ጥሩ ድግስ ነበር» አሉ።

«መጨረሻውን አሁን ልምታው፣ ሙሴ?»

«አሁን ድምፅ ከተሰማ ይመለሳሉ። እናትሽም መንገድ አለባት።»

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

«ነገ» አሉ፣ እንዲሁ ቃሉን ለመድገም ያህል።

ዳገቱን ስንወርድ እናቴ ምን ሆንሽ አለችኝ። አልጨረስኩም አልኳት። «ምኑን? ይህን ሁሉ ስትመቺ ውለሽ?» አለች። አስረድቼ ሳልጨርስ ቤት ደረስን።

ጠዋት ሮጬ ስደርስ ካሚዮኑ ቀድሞኛል። ፒያኖዋ ከኋላ ተጭና በገመድ ታስራለች። ሞተሩ እየጮኸ ነው። ሙሴ አጥር ሥር ቆመዋል፣ ሸሚዛቸው እንዳልተቆለፈ። ሹፌሩ ከአስመራ የመጣ ሰው ነው፤ የሚያስቸግር ዓይነት አይመስልም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልምታት፤ የቀረ ነገር አለ» አልኩት።

«ምቺያት፣ ማን ከለከለሽ?»

«በዚህ ጩኸት አይሰማም። ሞተሩን ያጥፉልኝ።»

ሳቀ። «እኅቴ፣ ባትሪው ሞቷል። ካጠፋሁት አይነሣም። እዚሁ ኮልፌ አግብቼ መኖሬ ነው።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። የትናንቶቹ ናቸው። እማማ ጥሩወርቅ ጋን ይዘው ነበር፣ መሬት አስቀመጡት። «ምንድን ነው የቀረው?» አሉኝ።

«የዜማው መጨረሻ ነው፣ እማማ። ሙሴ ሰምተውት አያውቁም። እኔም አልሰማሁት።»

«ትናንት አላለቀም እንዴ? እኛ ያለቀ መስሎን ነው የሄድነው።»

«ስታጨበጭቡ እንዴት ልጨርስ?»

እማማ ጥሩወርቅ እናቴን አዩ፣ አያ ቶሎሳን አዩ፣ ሙሴን ማየት ግን አልቻሉም። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ወንድሜ፣ አጥፋው። ገፍተን እናስነሣልሃለን።»

«ፒያኖ ጭኖ? በዚህ ጭቃ?»

«ባሕር ዛፍ የሞላ ጋሪ ስገፋ ነው የኖርኩት» አሉ አያ ቶሎሳ። «አንተን የመሰለ ቀጭን ሰው ከነመኪናው አያቅተኝም።»

ሹፌሩ ሙሴን አየ። ሙሴ ምንም አልለመኑትም። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና አጠፋው። ጸጥታው ድንገት ወረደ፤ ባሕር ዛፉ ሲነቃነቅ ሁሉ ይሰማል።

ካሚዮኑ ላይ ወጣሁ። ክዳኑ በገመዱ ተይዟል፤ አያ ቶሎሳ ቋጠሮውን አላሉልኝ። ወንበር የለም፣ ተንበረከክሁ። እጄ ቀዝቅዟል። ከላይ መጀመር አይቻልም፤ ሹፌሩ ሰዓት ያያል። በቀጥታ ሦስተኛውን ጀመርኩ።

ቀኝ እጄ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሲነካ አላወቅኋትም። ሁለተኛዋ ላይ አወቅኋት። የድግሱ ጭብጨባ ነው፣ ያው የትናንቱ፤ ግን በየመካከሉ ያለው ሁሉ ወጥቶለት ጥቂቱ ብቻ ቀርቷል። ግራው አህያው ነው፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ እየሄደ ነው። ያኔ ገባኝ። እንግዳው ወጥቶ ያለቀበት ቤት ነው። ወንበሩ እንዳለ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ባለቤቱ መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ። ክረምት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ስደበድበው የነበረው ይህን ነው። ትናንት እንግዳውን አላስወጣ ብዬ ስደግም ስደግም ሙሴ ግድግዳቸውን እያዩ የሚጠብቁት ይህንን ነበር።

የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ጣቴን አላነሣሁም። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከባሕር ዛፉ ጋር ተቀላቀለ። ማንም አላጨበጨበም። እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች።

ሙሴ ዛሬ ግድግዳ የላቸውም። ሙሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ነው የሰሙት።

«መጨረሻው ላይ ትንሽ ፈጠንሽ» አሉኝ።

«እሺ፣ ሙሴ።»

«ግን እሱ ነው። እንደዚሁ ነው የሰማሁት።»

ከዚያ ቃላችንን መጠበቅ ነበረብን። ሹፌሩ መሪውን ያዘ። አያ ቶሎሳ ትከሻቸውን ከኋላ አስደገፉ፣ እማማ ጥሩወርቅ ከጎን፣ ፒያኖዋን የጫኑት ሸካሞች፣ እናቴ፣ ትናንት ያጨበጨበው ሁሉ። ሙሴም መጥተው ከጎኔ ቆሙ። «ይተዉት፣ እጅዎን ያምዎታል» አልኳቸው። «ለመግፋት ጣት አያስፈልግም» አሉና መዳፋቸውን የካሚዮኑ እንጨት ላይ ጣሉ።

ገፋን። ጎማው ጭቃው ውስጥ ዋኘ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ፒያኖዬን ከሰፈሬ እንድትወጣ በገዛ ትከሻዬ ገፋኋት፤ ደግሞ በሙሉ ጉልበቴ፣ ቃል ገብተናላ። ቁልቁለቱ ራስ ላይ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሣ። ካሚዮኑ ከእጃችን ሸሸ። ሹፌሩ አልቆመም፤ መቆም አይችልም። ወደ ከተማው ሲወርድ በየጉድጓዱ ላይ ሲነጥር፣ ገመዱ የላላው ፒያኖ ከውስጡ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ያወጣል፤ እየራቀ፣ እያነሰ።

ጭቃ በጭቃ ሆነን መንገዱ መሐል ቆመናል። እማማ ጥሩወርቅ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ። በሕይወታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አሁንስ አለቀ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቆዩ፣ እማማ» አልኳቸው። ገና ይሰማኝ ነበር።